ገመድ የተደበቀበት ክረምት

በልጅነቴ የራሴ ጠባቂ ነበረኝ። ጎሬ ያሉት የትልልቆቹ ሹማምንት ልጆች እንኳ ከጠዋት እስከ ማታ ከአጠገባቸው የማይለይ ሰው ነበራቸው ወይ? እንጃ። እኔ ግን ነበረኝ። ይህን ጉራ መቱ ትምህርት ቤት ስማር ነዝቼዋለሁ፤ አስተማሪ ሆኜ ጎሬ ስመደብም ለባልደረቦቼ ነዝቼዋለሁ። ሃያ አንድ ዓመት እስኪሆነኝ ድረስ አንድም ሰው "ኧረ ተይ ጃለኔ፣ ነገሩ ተገልብጦብሻል" ብሎ አላረመኝም።

ጠባቂ የተሰጠኝ በጥፋቴ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጊዜው ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት መጨረሻ። መቱ ገበያ ላይ ቡና የሚጭን ካሚዮን ቆሞ አገኘሁና እስቲ ውስጡ ምን ይመስላል ብዬ ወጣሁ። ጆንያው ይሞቃል፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሁሩሙ ነኝ። ሾፌሩ ራሱን ይዞ "የማን ጉድ ነሽ አንቺ!" አለና ሲመለስ ይዞኝ መጣ። እናቴ ሙላቷ አልመታችኝም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቴ እኔ ሳልወለድ ስለሞተ የምንኖረው በእናቴ አባት ቤት ነበር። አያቴን ኩመራን በኦሮምኛ አካኮ እላቸዋለሁ። አካኮ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና "ይህቺ ልጅ ብቻዋን መተው የለባትም" አሉ።

በሳምንቱ ጠባቂዬ በበቅሎ መጣ።

እዚህ ላይ እንዳትደናገሩ ቁርጡን ልንገራችሁ። በበቅሎ የመጣው የእናቴ ታናሽ፣ የአካኮ የመጨረሻ ልጅ ነው። ያን ቀን ቀሚስ አልብሰውት ነበር፤ ስሙንም ዱሬቲ ይሉት ነበር። ሴት ልጅ ተብሎ ተወልዶ፣ ሴት ልጅ ተብሎ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ለአንድ የዳሪሙ ሰው ተዳረ። በሦስተኛው ወር ጠፋ። አራት ዓመት ሙሉ የት እንደገባ አልታወቀም። ለካ በበደሌ በኩል ጫካ ውስጥ ሱሪ ታጥቆ፣ ሁንዴሳ ተብሎ፣ ቀፎ እየሰቀለና ቡና እየተሸከመ ወንድ ሆኖ ይኖር ነበር። ንዳድ ጥሎት ራሱን ሲስት፣ ሊያስታምሙት ልብሱን የገለጡ ሰዎች ናቸው ነገሩን ያወጡት። ፀጉሩን ላጭተው፣ ቀሚስ አጥልቀውለት ወደ አባቱ ቤት ሰደዱት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ለሰባት ዓመቷ ጃለኔ የመጣችው የታመመች አክስቷ ነበረች። እኔ ዛሬ ሳወራ ግን "እሱ" ነው የምለው፤ ሌላው አፌ ላይ አይመጣልኝም።

ዝናብ እየዘነበ ነበር። የተጠቀለለበት ቡሉኮ ርሶ የበግ ሽታ ይሸታል። አካኮ ከሁለት ዓመት በፊት ቀፎ ሲሰቅሉ ከዛፍ ወድቀው አንድ እግራቸው አይታዘዝላቸውም ነበር፤ ቢሆንም ማንንም ሳይጠሩ ከበቅሎዋ ላይ በሁለት ክንዳቸው አወረዱት። አንዲት ቃል አልተናገሩትም። እናቴ ጓዳ ውስጥ መደብ ላይ አነጠፈችለት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

እንደዚያው ሆኖ ከረመ። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ መድኅን ሰባት ቀን ጠበል እያመጡ አጠመቁት። ውሃው ሲነካው ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ መልሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል። በሰባተኛው ቀን አባ ደጅ ላይ ለአካኮ "አቶ ኩመራ፣ የሚወጣ መንፈስ አላገኘሁም። ያለው ኀዘን ነው። እሱ ደግሞ በጠበል ብቻ አይለቅም፣ ሰው ያስፈልገዋል" ሲሏቸው ሰማሁ። ማን ሞቶ ነው ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ በልቤ ቆጠርኩ፤ የጎደለ አላገኘሁም።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ምድጃው አጠገብ ተኝቼ ሳለ እናቴና አካኮ በዝቅተኛ ድምፅ ያወራሉ።

"ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ብቻዋን መሆን የለባትም" ትላለች እናቴ። "እኔ ደግሞ ገበያ አለብኝ፣ እርስዎም ቡናው አለብዎት።"

"ትንሿስ?"

"ሕፃን እኮ ናት አባዬ!"

"ሕፃን ስለሆነች ነው" አሉ አካኮ።

ብቻዋን መተው የለባትም የተባልኩት እኔ እንደሆንኩ አልተጠራጠርኩም። በማግስቱ እናቴ ተንበርክካ ሁለት ትከሻዬን ያዘች። "ጃለኔ፣ ስሚኝ። ከአክስትሽ አጠገብ ንቅንቅ እንዳትዪ። ብትተኛ አጠገቧ ተቀመጪ፣ ብትወጣ ተከተያት። ሂጂ ብትልሽ እንኳ እንዳትሄጂ። ኋላ አካኮ ይቆጡሻል!" የካሚዮኑ ቅጣት ይሄ ነው ብዬ ራሴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልኩ።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው ገመድ ከቤታችን የጠፋው። አንድ ሁለት አይደለም፣ ሁሉም! የጥጃው ማሰሪያ፣ የጭነቱ ገመድ፣ አካኮ ቀፎ ይሰቅሉበት የነበረው ከበሬ ቆዳ የተገመደው ረጅሙ ገመድ፣ የእናቴ መቀነት ሳይቀር። እናቴ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ ወዲያ ወዲህ ስትል ሳቄ ይመጣ ነበር። አካኮ ከዛፍ የወደቁት ገመዱ ከድቷቸው ነው ሲባል ስለሰማሁ፣ አሁን ከገመድ ዘር ጋር ተጣልተዋል ብዬ ደመደምኩ። ቂመኛ ናቸው አልኩ በልቤ። ዛሬ እሳቸውን አፈር ቢጫናቸውም ይቅር በሉኝ እላቸዋለሁ።

ጥጃው ያለ ገመድ ሲቀር ነፃ ወጣ። በቀጥታ የሄደውም ወደ ወይዘሮ እታፈራሁ ጎመን ነው። ወይዘሮ እታፈራሁ ከሸዋ የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሚስት ናቸው፤ ጓሯቸው ከእኛ ጋር በአጥር ይዋሰናል፤ ጎመናቸው እንደ ልጅ ነው የሚታየው።

"ኧረ በመድኃኔዓለም አቶ ኩመራ! ለዚህ ወንበዴ ጥጃ ማሰሪያ አጡለት?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ። ገመድ አልቆብኛል።"

"ገመድ አለቀብኝ! ዕድሜ ልካቸውን ገመድ ሲገምዱ ኖረው!" እያሉ ጥጃውን በጆሮው ጎትተው ያስረክቡናል። ሦስት ቀን ቆይተው እንደገና ይመጣሉ።

እኔ ጓዳ ውስጥ እንደታዘዝኩት ተቀምጫለሁ። የእኔ አፍ ደግሞ ዝም ማለት አያውቅም። ጀርባው ለእኔ እንደሆነ ስለ ጥጃው አወራለታለሁ፣ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ወይዘሮ እታፈራሁ አሯሯጥ። አንድ ቀን የካሚዮኑን ታሪክ ጀመርኩለት። "ስነቃ ሁሩሙ!" ስል ከግድግዳው በኩል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ሳቅ ነበር። ከዚያ ዘወር አለና "ከዚያስ ምን አየሽ?" አለኝ። ምንም ስላላየሁ ዝሆን አየሁ አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ከበላሁ ይበላል፤ እኔ ካኮረፍኩ አይበላም። እናቴ ለእኔ ሁለተኛ ጊዜ ስታቀርብልኝ ምን ነካት ብዬ እደነቅ ነበር።

ሐምሌ ውስጥ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመርን። ከፊት ለፊታችን ትልቁ ቀረሮ ቆሟል፤ አካኮ የወደቁበት ዛፍ ነው። እሱ ዓይኑን ከላይኛው ቅርንጫፍ አያነሳም። በበደሌ ጫካ ከዚህም የሚረዝም ዛፍ ላይ ይወጣ እንደነበር፣ ቀፎውን ከታች በገመድ እንደሚስቡለት፣ ከላይ ሆኖ ሲያይ ጭጋጉ ከእግሩ በታች እንደሚተኛ ነገረኝ። ሲያወራ ፊቱ ሌላ ሰው ይሆናል።

"እዚያ ምን ብለው ነው የሚጠሩሽ?" አልኩት።

"ሁንዴሳ" አለ።

"ይሄ ነው አንቺን የሚመስለው" አልኩት፣ እውነቴን ነው። ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ይነቃነቃል። አስቀየምኩ ብዬ ደነገጥሁ፤ እጄን ግን ይዞኝ ነበር።

አፌ መቼም አያርፍም ብያለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ እናቴ ቃሪያ ስትጨምር "ሁንዴሳ ቃሪያ አይወድም" አልኩ። የእናቴ እጅ ባለበት ቀረ። እሱ ጓዳ ውስጥ ነው፣ ሰምቷል። አካኮ የጎረሱትን ዋጡ፣ ጣታቸውን ታጠቡ፣ ከዘራቸውን ሳይዙ እያነከሱ ወደ ዝናቡ ወጡ። ጉድ ፈላ፣ ዛሬስ ተቆጡ ብዬ ምሳዬን ተውኩት። እናቴ የቀረውን የነገረችኝ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። ተከትላቸው ብትሄድ በረት ውስጥ ግንባራቸውን ላሚቱ ላይ አስደግፈው አገኘቻቸው። "ልጄ ስም ነበረው" ይላሉ። "አራት ዓመት ሙሉ ስም ነበረው፤ እኔ አባቱ ግን አላውቀውም ነበር።"

በማግስቱ አካኮ ከጣራው ሥር የከረመውን ባዶ ቀፎ አወረዱ። ውስጡን በሰም ቀቡት። በወይራ ጭስ አጠኑት። በሦስተኛው ቀን እንደገና ሰም፣ እንደገና ጭስ። በሳምንቱ እንደገና! እርጅና ነው፣ ማድረጋቸውን እየረሱት ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

መስከረም ጠባ። በአምስተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ከዳሪሙ መጡ። ቡሉኮ የደረቡ፣ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው የደረሰ ሰዎች ናቸው። ብዙ በኦሮምኛ ተመራረቁና አንደኛው "ሚስታችን መገኘቷን ሰማን። ልትመለስልን ይገባል" አለ። አካኮ መሬት መሬት እያዩ "አስቤ እነግራችኋለሁ፤ ከመስቀል በኋላ ተመለሱ" አሏቸው። ልጅ አይደለሁ? ሽማግሌዎቹ የመጡት ለማር መስሎኝ ነበር። ሲሄዱ ግን ሁንዴሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ነበር። እኔ ብበላም አልበላ አለ። ዝሆኑን ባወራለትም አልዞር አለ። ሦስት ቀን።

በአራተኛው ቀን እናቴ ገበያ ሄደች፤ አካኮ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሁንዴሳ እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝና እንቁላል ልፈልግ ጎተራው ውስጥ ገባሁ። ዶሮዋ የምትጥልበት ጥግ እጄን ብሰድ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ ነገር ነካሁ። እባብ መስሎኝ ልሞት ነበር። ከበሬ ቆዳ የተገመደው ረጅሙ ገመድ ነው።

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ! ጠባቂዬ የታመመው ዛፍ መውጣት አምሮት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዛፍ የማይወጣው ገመድ ስለሌለው እንደሆነም አውቃለሁ። ከአቅሜ በላይ ነው፤ መሬት ለመሬት ጎትቼ አመጣሁለትና መደቡ ላይ ከመርኩለት። "ይኸው አገኘሁልሽ! አካኮ ሳይመጡ ቶሎ በይ፣ ተነሺ!"

ተነስቶ ተቀመጠ። ገመዱን ለረጅም ጊዜ አየው። በእጁ ዳሰሰው። "የት አገኘሽው?" አለኝ፣ የማላውቀው ድምፅ ነው። ከዚያ ገመዱን ተሸክሞ ወጣ፤ ወደ ቀረሮው ሄደ። እኔም እየዘለልኩ ተከተልኩት።

ዛፉ ሥር ሲደርስ ዞረና አየኝ። "ጃለኔ፣ ቤት ሂጂ" አለኝ።

"አልሄድም።"

"ሂጂና እንቁላሉን ሰብስቢ። እኔ እመጣለሁ።"

"አልሄድም አልኩ።"

"ሂጂ!" ብሎ ጮኸ። በእኔ ላይ ጮኾ አያውቅም። እኔም የቀሚሱን ጫፍ በሁለት እጄ ጨምድጄ እሪ አልኩ። "አልሄድም! ትቼሽ ከሄድኩ አካኮ ይቆጡኛል!"

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ የዛፉ ሥር ላይ ተቀመጠ። ገመዱ ጭኑ ላይ ነው። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ቀሚሱን ግን አልለቀቅኩም። እንዲህ ሆነን ጥላው ከእግራችን ላይ እስኪዞር ድረስ ቆየን። ንፍጤን ጠረገልኝ። እኔ እየሰለቸኝ "መቼ ነው የምትወጪው?" እለዋለሁ።

አካኮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአጥሩ በር በኩል አዩን። ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ። ሮጡ እንዳልል እግራቸው አይፈቅድም፤ ግን እንደዚያ ፈጥነው ሲመጡ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እኔ ተጨናንቄያለሁ፤ ገመዱን ከጎተራ ያወጣሁት እኔ ነኛ! ፊታችን ሲደርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ገመዱን አዩ። የልጃቸውን ፊት አዩ። እጃቸውን ወደ ገመዱ ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

"ሁንዴሳ" አሉ።

ቀና አለ።

"ቀፎውን አዘጋጅቼልሃለሁ። ሦስት ጊዜ አጥኜዋለሁ። አባትህ እግር የለውም። ወጥተህ ስቀልልኝ።"

ሁንዴሳ አባቱን ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና "በቀሚስ?" አለ።

አካኮ ዞሩ። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ጠመጠሙ፣ ከሥር ሱሪያቸውን አወለቁና ጀርባቸውን እንደሰጡ ወደ ኋላ ዘረጉት። "እንካ" አሉ። ከጋቢው በታች እንደ ጭራሮ የቀጠኑ ሁለት እግሮች ብቅ ብለዋል። እኔ ሣሩ ላይ ተንከባለልኩ፤ ሳቄ አላቆም አለኝ። ሁለቱ ግን አልሳቁም። ሁንዴሳ ሱሪውን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር፤ ላብ የሚጠርግ መስሎኝ ነበር።

ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወጣ። አወጣጡን ባያችሁት! ያ ከመደብ መነሳት ያቃተው ሰው በአንድ ጊዜ ከዓይናችን ራቀ። የገመዱ ሌላ ጫፍ አካኮ እጅ ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ የእጅ አንጓቸው ላይ ጠምጥመውታል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሱሪ ስለሌላቸው በርዷቸዋል ብዬ ጋቢያቸውን ወደ ታች ጎተትኩላቸው። ብርድ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። ያን ገመድ ለዚያ ልጅ በዚያ ቀን የሰጠ አባት ምን እንደተሰማው ልጆች ወልጄ ነው የገባኝ።

ወይዘሮ እታፈራሁ ጥጃውን በጆሮው ይዘው ብቅ ያሉት በዚህ መሃል ነው። ቀና ብለው አዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ሴት ልጅ ዛፍ ላይ! አቶ ኩመራ፣ ሴት በሰቀለችው ቀፎ ንብ አይገባም፤ ይህን እርስዎ ነዎት የነገሩኝ!"

አካኮ ዓይናቸውን ከላይ ሳይነቅሉ "እሱንስ ንቡ ይፍረደው እመቤቴ" አሏቸው።

ቀፎውን ሳብነው፣ ወጣ። ከላይ "መቱ ሁሉ ይታየኛል!" የሚል ድምፅ መጣ። ያን ቀን ማታ ሁንዴሳ ሦስት ጊዜ ጨምሩልኝ ብሎ በላ። ሱሪውን አላወለቀም። በማግስቱ ገመዶቹ ሁሉ ተመልሰው ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ የእናቴም መቀነት ተገኘ። አካኮና ገመድ ታረቁ አልኩ።

እኔ በበኩሌ መድኃኒቱን አግኝቼዋለሁ፤ ሱሪ ነው። ጠበል ያላዳነውን የአካኮ ሱሪ አዳነው። እናቴን ራሷን ሲያማት ያንኑ ሱሪ አምጥቼ ጭንቅላቷ ላይ አሰርኩላት፤ በሳቅ ብዛት ራስ ምታቱ ለቀቃት። ልጅነቴ በብዙ ነገር ተሳስቷል፣ በዚህኛው ግን ብዙም አልሳተም።

የቀረን ንቡ ነው። አካኮ በየማለዳው ቀረሮው ሥር ቆመው ያንጋጥጣሉ። ማር አማራቸው እል ነበር። ወይዘሮ እታፈራሁም በአጥር አሻግረው "ገባ እንዴ?" ይላሉ፤ "ገና ነው" ይባላሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ መስቀል ባለፈ በሦስተኛው፣ አየሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ሆነ። ጥቁር ደመና የመሰለ መንጋ በጣራችን ላይ አልፎ ቀረሮው ላይ ተሰበሰበና ወደ ቀፎው ገባ። አካኮ ቁጭ ብለው አፈሩን ሳሙ። ወይዘሮ እታፈራሁ እየሮጡ መጥተው ብዙ ሲያንጋጥጡ ቆዩና ሱሪ የታጠቀውን ሁንዴሳን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"እንግዲያስ ወንድ ነዋ!" አሉ። "ምን ይደረግ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የፈረድኩት ራሴ ነኝ።"

አካኮ ያን ቀፎ ሦስት ጊዜ ማጠናቸውን፣ የቤቱን ሰም ሁሉ እዚያ ላይ መጨረሳቸውን ማን ይንገራቸው? እንደዚያ ለተሞሸረ ቀፎ ድንጋይ ቢሰቅለውም ንብ ይገባ ነበር። ረስተውት አልነበረም ለካ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ተመለሱ። አካኮ ቆመው ተቀበሏቸው። "ለልጃችሁ የምትሆን ሴት ልጅ የለችኝም። በቤቴ ያለው ወንድ ልጄ ሁንዴሳ ነው። ለጥሎሽ የሰጣችሁኝን ላም ከነጥጃዋ ነድታችሁ ሂዱ፤ ለልጃችሁም እግዜር የምትሆነውን ይስጠው" አሏቸው። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ ጉድ ሊያወጣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወይዘሮ እታፈራሁ ከአጥሩ ማዶ "ንብ ገብቶለታል! በዓይኔ አይቻለሁ! ፍርድ ቤትም ቢሆን እመሰክራለሁ!" ብለው ጮኹ። የጸሐፊ ሚስት ናቸው፣ ፍርድ ቤት ሲሉ ያስፈራሉ። ሰዎቹ ላሟን ነድተው ሄዱ። ወይዘሮ እታፈራሁ "እሰይ!" ያሉት ለጥጃው ይሁን ለሁንዴሳ አላውቅም።

ሁሉም ነገር በዚያ ቀን አለቀ አልላችሁም። ገበያ ላይ ከኋላው የሚንሾካሾክ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥርም ሁንዴሳ ፊቱ ወደ ግድግዳው የሚዞርበት ሰሞን ነበረው። ያን ጊዜ እናቴ እኔን አጠገቡ ትሰደኛለች፣ አካኮም ከበሩ ላይ ሆነው "ሁንዴሳ፣ የሚሰቀል ቀፎ አለ" ይሉታል። አንዳንዴ በዚያው ቀን ይነሳል፣ አንዳንዴ በሳምንቱ። አካኮ እስኪሞቱ ድረስ አንድም ክረምት ቀፎ ሳያዘጋጁ አልቀሩም።

በስድሳ ስድስት ለፋሲካ ከጎሬ መጥቼ ከእናቴ ጋር በሰፌድ ቡና እንለቅማለን። ጎረቤቶች ባሉበት ያንን ጉራዬን ጀመርኩ፤ ካሚዮኑን፣ ጠባቂዬን። እናቴ ጎረቤቶቹ እስኪሄዱ ጠበቀችና "ጃለኔ" አለችኝ፣ "አንቺ ነሽ እኮ የጠበቅሽው።" ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ገመዶቹ ለምን እንደተደበቁ፣ አካኮ በረት ውስጥ ምን እንዳሉ። መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ ጎተራው ትዝ አለኝ። ገመዱን ያመጣሁለት እኔ ነኝ።

ተነስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ሁንዴሳ ቀረሮው ሥር ተቀምጦ ቀፎ ይሠራል። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶታል። በመንገድ ላይ ስላሳደገኝ ላመሰግነው ቃል ሳሰናዳ ነበር፤ ስደርስ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

"ያን ቀን ገመዱን ሳመጣልህ..." አልኩና ከዚያ በላይ አልሄድልኝ አለ። አለቀስኩ።

የሚሠራውን አስቀመጠ። አጠገቡ ሣሩን መታ መታ አደረገልኝና ተቀመጥኩ።

"ሦስት ጊዜ ሂጂ አልኩሽ" አለ። "ምን ብለሽ እንደመለስሽልኝ ታስታውሻለሽ?"

"አካኮ ይቆጡኛል።"

"አዎ። እኔም አባዬ እንዳይቆጡሽ ብዬ ቀረሁ።"